«ዕረፊ» ማለት «ውጪ» ማለት ከሆነ



አክስቴ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት ወገኖቻችን አንዷ ናት። ከሃያ ዓመት በላይ በጽዳት ሥራ ኖራለች። ጎህ ሳይቀድ በሁለት አውቶቡስ ተጉዛ፣ ጸሐፊዎቹና አለቆቹ ከመግባታቸው በፊት ወለሉን አጽድታ ትጨርስ ነበር። ከዚያ የጡት ነቀርሳ (ካንሰር) ተገኘባት። ቀዶ ሕክምናውን፣ ኪሞቴራፒውንና ጨረሩን ጨርሳ ሐኪሟ «ቀላል ሥራ መሥራት ትችላለች» ብሎ ጻፈላት። ወረቀቱን ይዛ በደስታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሥራ አስኪያጁ አቅፎ ተቀበላት፣ ቡናም አቀረበላት። «ሞቴክ፣ አንቺ ጀግና ነሽ፤ አሁን ግን ቤትሽ ዕረፊ» አላት። በሳምንቱ የስንብት ደብዳቤ በፖስታ መጣ። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ስለሆነ ያነበበችላት የ12 ዓመት የልጅ ልጇ ናት። ሕፃኗ አያቷ ከሥራ መባረሯን በራሷ አፍ እንድትነግራት ተገደደች።

ይህን የምጽፈው አንባቢ ለአክስቴ እንዲያዝንላት አይደለም። ማዘንማ ሥራ አስኪያጁም አዝኗል! እኛን የጎዳን ሐዘኔታው ነው። «ምስኪን፣ ደክሟታል» እያሉ እንጀራዋን ይቀሙአታል። እሷ ግን የጠየቀችው ሐዘኔታ አልነበረም። ከብብቷ ዕጢ ስለወጣ ክንዷ ያብጣል፣ ከባድ ነገር ማንሣት ያስቸግራታል። ስለዚህ ጎማ ያለው ባልዲ ጠየቀች። ለሁለት ወር ግማሽ ቀን ሠርታ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ሰዓት ልመለስ አለች። ለክትትል ወደ ሐኪም በምትሄድበት ቀን እንዲፈቅዱላት ለመነች። ይህ ሁሉ ለአንድ ድርጅት ከአንድ አዲስ ሠራተኛ ቀጥሮ ከማሠልጠን ይከብዳልን?

አሠሪዎች «እኛ የበጎ አድራጎት ማኅበር አይደለንም» ይላሉ። ልክ ነው፣ አይደላችሁም። እኛም ምጽዋት አልጠየቅንም። የምንጠይቀው ሕግ ነው።

በ1976 የወጣው የሕመም ክፍያ ሕግ ሠራተኛ በወር አንድ ቀን ተኩል የሕመም ቀን እንዲያጠራቅም ይፈቅዳል፤ ጣሪያው 90 ቀን ነው። 90 ቀን ለመሙላት አምስት ዓመት ሙሉ ሳይታመሙ መሥራት ያስፈልጋል ማለት ነው። ሠራተኛው በዚህ የክፍያ ጊዜ ውስጥ በሕመሙ ምክንያት ሳለ አሠሪው ሊያባርረው አይችልም። የነቀርሳ ሕክምና ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ይረዝማል። ቀኑ ሲያልቅ ብዙዎቻችን «ከእንግዲህ መብት የለኝም» ብለን እንቀመጣለን። ይህ ስሕተት ነው!

በ1998 የወጣው የአካል ጉዳተኞች የእኩል መብት ሕግ ጉዳት ሲል ዘላቂውን ብቻ ሳይሆን ጊዜያዊውንም ይጨምራል። ሕክምናው አቅሙን ወይም ክንዱን የጎዳበት ሠራተኛ በዚህ ሕግ መጠየቅ ይችላል። አሠሪው ሸክሙ ከልክ በላይ ካልከበደው በስተቀር ሥራውን ለሠራተኛው ማስተካከል አለበት፤ ይህም በዕብራይስጥ «ሃትአሞት» ይባላል። በ2006 በወጣው ደንብ መሠረት መንግሥት ራሱ ለማስተካከያው ወጪ ይረዳል። እንግዲህ ጎማ ያለው ባልዲ የማንን ኪስ ያራቁታል? ደግሞም ማንም አሠሪ ሠራተኛውን ከማሰናበቱ በፊት «ሽሙዓ» ጠርቶ ማዳመጥ እንዳለበት የሥራ ፍርድ ቤቶች ወስነዋል። በቡና መካከል የተነገረ «ዕረፊ» ሽሙዓ አይደለም።

ስለ ራሳችንም እውነቱን እንነጋገር። ነቀርሳን በስሙ አንጠራም፣ «ያ ክፉ በሽታ» እንላለን። ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ልጅ እንዳይዳር እንዳይሆን እንሰውራለን። አለቃውም ስለማያውቅ «ሰነፈች» ይላል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ በሽታውን የደበቀ ሠራተኛም መብት አያገኝም። ሁሉን ነገር ለሁሉ መንገር ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን ምን መሥራት እንደምንችል፣ ምን እንደሚያስቸግረን በሐኪም ወረቀት ማሳወቅ ይጠቅመናል።

ስለዚህ አሠሪዎችን የምንጠይቀው ይህን ነው። ሠራተኛው ገና በሕክምና ላይ ሳለ በወር አንድ ጊዜ ደውላችሁ ጠይቁት፤ ሥራው እንደሚጠብቀው ይወቅ። ሲመለስ ቁጭ ብላችሁ በሚገባው ቋንቋ፣ አዋቂ አስተርጓሚ አስቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ልጅ አስተርጓሚ አይሁን! ሥራውን በጽሑፍ አስተካክሉ፤ በየወሩም «እንዴት ሆነ?» ብላችሁ ከልሱት። በካብላን የሚሠሩትንም አትርሱ፤ ወለሉ የእናንተ ከሆነ ወለሉን የምታጸዳው ሴት ጉዳይም ይመለከታችኋል።

ለወገኖቻችን ደግሞ፦ ታሉሹን አትጣሉ፣ የሕመም ቀናችሁን ከላዩ ቁጠሩ። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ጥያቄያችሁን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አቅርቡ፣ ቅጂውንም አስቀምጡ። ወደ ሽሙዓ ብቻችሁን አትሂዱ። የአካል ጉዳት አበል የሚቀበል ሰው «ከሠራሁ ቢቱዋህ ለኡሚ ይከለክለኛል» ብሎ አይፍራ፤ በ2009 ሥራ ላይ የዋለው የላሮን ሕግ ሠርቶ የሚያገኘው ጠቅላላ ገቢ ከአበሉ ብቻ እንዳያንስ ታስቦ የወጣ ነው። ሄዳችሁ በየግላችሁ አስሰሉ።

አክስቴ ዛሬ ቤቷ ናት። አላረፈችም። ሰው ጤናው ሲመለስለት ሥራውም ሊመለስለት ይገባል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ የጽዳት ሠራተኛ እንጀራ ግን ሊቀር አይገባም።