ስልጆ ይፈታልን!

ሽሮው በቀጠነ ቁጥር ዋጋው እየወፈረ ነው። ይህንን ምሳችንን በየሽሮ ቤቱ የምንበላ ሁሉ እናውቀዋለን። የማይገባን ግን ከጎኑ ጣል የሚደረግ ነገር መጥፋቱ ነው። ዕድለኛ ከሆንን አንድ ቃሪያ! በርገር ያዘዘው ጎረቤታችን ግን ካቻፑን በጠርሙሱ ይገለብጣል።

ዳጣው የት ሄደ? ስልጆውስ?

ስልጆ እኮ የሀብታም ምግብ አይደለም። የሱፍ ውሃና የባቄላ ዱቄት አብረው በስለው ሲቀዘቅዙ ስናፍጭ ይገባባቸዋል፤ ከዚያ ተከድኖ ለቀናት ይብላላል። ኮምጠጥ ማለቱ ለጣዕም ብቻ አይምሰላችሁ፤ ቶሎ እንዳይበላሽም ይረዳዋል። ፍሪጅ ለሌለው ቤት ይህ ቀላል ነገር ነው እንዴ? አንድ ማንኪያው ደግሞ (አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ አንክድም) የትናንቱን እንጀራ ነፍስ ይዘራበታል።

እኛ ግን ሁዳዴ ሲገባ እናስታውሰዋለን፣ ፋሲካ ሲነጋ እንረሳዋለን። ለመሆኑ ስልጆን በጾም ላይ ብቻ ያሰረው ማነው? በፍስኩም ሽሮ የሚበላ ሰው ሳህኑ ከጾመኛው ሳህን በምን ይለያል?

«ማን ይሠራዋል?» የሚሉን ወንድሞቻችን አሉ። እናንተዋ! ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በሶብላ ወቅጦ ዳጣ ማዘጋጀት የእናቶች ዕዳ ነው ያለ ሕግ አላየንም። ሙቀጫውም ጾታ አይጠይቅም።

ባልትና ቤቶችም ስሙን፦ በርበሬውን በኪሎ እንደምትሸጡልን ስልጆውን በትንሽ ዕቃ፣ በተማሪ ዋጋ፣ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ሽጡልን።