የሰፈርን ውሻ የሚያሠለጥነው ሰፈሩ ነው

ይህ ጥሪ ውሻ ላላችሁም ለሌላችሁም ነው። ከመንገድ ተነሥተው በሰው ግቢ የተጠለሉ፣ ሰው ባዩ ቁጥር ግን የሚበረግጉ፣ የሚጮኹና ለመንከስ የሚቃጡ ውሾች በየሰፈራችን አሉ። እነዚህን ውሾች ማረጋጋት ይቻላል። ያነሣቸው ሰው ብቻውን ቢደክም ግን ከዳር አይደርስም፤ በአጥሩ ሥር የምናልፈው ሁላችን ልናግዘው ይገባል።

ክፉ የምንለው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የፈራ ውሻ ነው። ቡችላ ከ3ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ድረስ በዙሪያው ያለውን ሁሉ የሚለማመድበት ዕድሜ አለው። በዚያ ጊዜ ልጆችን፣ ሽማግሌዎችን፣ ዣንጥላ የያዘ ሰውንና ባጃጅን ያለ ጉዳት ያየ ቡችላ ሲያድግ በቀላሉ አይደነግጥም። በዚያው ዕድሜ ቱቦ ውስጥ ተደብቆ የኖረና ከሰው እጅ ድንጋይና ፍልጥ ብቻ የቀመሰው ግን ሰው ሲቀርብ ሕመም እንደሚከተል ይማራል። አንድ ቀን ሲጮኽ ሰውየው ይሸሽለታል፤ ከዚያ ወዲህ መጮኽን መከላከያው ያደርጋል። እኛ ደግሞ ኃይለኛ ይሁንልን ብለን ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት እናስረዋለን። መሸሽ የተከለከለ እንስሳ የሚቀረው መዋጋት ብቻ ነው።

እኛ ሰፈር ያሉ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ከሥጋ ቤት ደጃፍ ያነሷትን ውሻ ሲያለማምዱ በቅርብ አይቻለሁ። መጀመሪያ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩአት፤ ሕመም ያለበት ውሻ ለመንከስ ይፈጥናልና። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም አስከተቧት። ከዚያ ጠንካራ ገመድ አስረውላት፣ ሰው ከሚያልፍበት መንገድ ራቅ ብለው መቆም ጀመሩ። አላፊ አግዳሚው ብቅ ሲል ውሻይቱ ታየዋለች፤ ገና ሳትጮኽ ትንሽ የተቀቀለ ጉበት ይሰጧታል። ሰውየው ሲያልፍ ጉበቱም ይቆማል። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ ሰው ይቀድማል፣ ጉበት ይከተላል። ይህ ሲደጋገም የሰው መምጣት የደግ ነገር ምልክት ይሆንላታል። ጉበቱን እንቢ ካለች፣ ክችች ብላ ከቆመች፣ ሳትበላ አፏን ደጋግማ ከላሰች ወይም ጅራቷን ከሸጎጠች ርቀቱ አንሷል ማለት ነውና ያለ ቁጣ ወደ ኋላ ይመልሷታል። ወደ መንገዱ የሚጠጉት እሷ ስትረጋጋ ብቻ ነው።

ስታጉረመርም አይመቷትም። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዱላ ያስተዉት ውሻ ፍርሃቱ አብሮት ይኖራል፣ ሳያስጠነቅቅም ይነክሳል። ብዙ ቤት ውስጥ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት ይህ ይመስለኛል።

ሥራው ደኅና እየሄደ ሳለ አንድ ቀን በዚያ የሚያልፍ ወጣት ገና ሳትጮኽበት ድንጋይ አነሣና ወረወረባት። አልመታትም። ውሻይቱ ግን ከዚያ በኋላ ከበሩ አልወጣ አለች፤ መምህርቷም ከሩቁ ቦታ እንደገና ጀመሩ። ወጣቱን ክፉ ሰው አልለውም፤ ሰፈር ያስለመደውን ነው ያደረገው። ያ ድንጋይ ግን ልክ እንደ ጉበቱ ትምህርት ነበር። የሰፈር ውሻ ከሁላችንም ይማራልና፣ ምን እንደምናስተምረው መስማማት አለብን። በኋላ የሰፈሩ ልጆች መምህርቷ ሲነግሯቸው ሳይሮጡ፣ ሳይጮኹ፣ ዐይን ዐይኗን ሳያዩ ማለፍ ለመዱ፤ ከማንም በላይ የረዷት እነሱ ናቸው።

እንዲህ ያለ ውሻ አይመለስም የሚል ካለ የቨርጂኒያውን ጉዳይ ያስብ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ከነበረው ከማይክል ቪክ የውሻ ማፋለሚያ ግቢ 50 ያህል ውሾች ተያዙ። ይገደሉ ካሉት መካከል የእንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅቶች ሳይቀሩ ነበሩበት። ውሾቹ ግን አንድ በአንድ ተፈትሸው አብዛኞቹ ተረፉ፤ 22ቱም ዩታ ውስጥ ካናብ ወደሚገኘው የቤስት ፍሬንድስ መጠለያ ገቡ። ከተረፉት መካከል ልጆች ባሉበት ቤት የኖሩ፣ ሆስፒታል እየተወሰዱ ሕሙማንን ያጽናኑም አሉ። ዕድሜያቸውን በመጠለያ የጨረሱም አሉ። ሁሉም ውሻ ከሰው መሀል ይገባል ብዬ አልዋሽም፤ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው የአፍ መሸፈኛና የተዘጋ በር ያስፈልገዋል። ለዚያ ውሻ እንኳ ከድንጋይ ነጻ የሆነ ኑሮ ይገባዋል።

ትዕግሥት ጥንቃቄን አይተካም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማንንም ይገድላል ማለት ይቻላል። ረጋ ያለ ውሻ ድንገት ጠባዩ ቢለወጥ፣ ለሃጩ ቢዝረበረብ፣ መዋጥ ቢያቅተው ልምምድ የለም፤ ሳይጠጉ ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ሲከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይቋረጣል። በመርዝና በጥይት መጨረስ ግን በሽታውን አላጠፋም፤ ከተከተቡት ጋር ይገድላል፣ በቦታቸውም ያልተከተቡ ይተካሉ።

ውሻ ያላችሁ ሕጉንም አትርሱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 እንስሳው ሳይታሰብ ቢያመልጥ እንኳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ስለዚህ በራችሁ ይዘጋ፤ ገመዳችሁ አይበጠስ።

ውሻ የማትወዱ ወይም በሃይማኖታችሁ ምክንያት ውሻ የማትነኩ ወገኖች ይህ ጥሪ እናንተንም ይመለከታል፤ ንኩ ወይም አጉርሱ የሚላችሁ የለም። የምለምናችሁ ድንጋዩን እንድትተዉ፣ ሳትሮጡ ጎን ሰጥታችሁ እንድታልፉ፣ ልጆቻችሁንም እንዲሁ እንድታስለምዱ ነው። ባለ ሱቆች፣ የግቢ ዘበኞች፣ ዕቃ የምታደርሱ ወጣቶችም በየበሩ ስለምትቆሙ ከእኛ ይበልጥ ታግዛላችሁ።

በሚመጣው የዕድር ስብሰባ ይህን ጉዳይ አንሡ። ልምምድ ላይ ያለ ውሻ በየትኛው ግቢ እንዳለና በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ባለቤቱ ይናገር። ልጆቹን ሰብስቦ የሚያስረዳ አንድ ሰው ይመረጥ። የሰፈሩ ውሾች በሙሉ በአንድ ቀን እንዲከተቡ ለወረዳው የሚቀርበውም ጥያቄ እዚያው ተጽፎ ይፈረምበት።