ዘንገና ወይስ ባሕር ዳር?



ባለፈው ሳምንት ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ሦስት ሆነን ቦርሳችንን አዝለን ከአዲስ አበባ ልንወጣ ነው። ሁለት ሌሊት አለን፤ ብሩ ነገር እንደሚያውቁን ነው። ውኃ ዳር አረፍ ማለት ነው የፈለግነው። ዘንገና ይሻላል ባሕር ዳር?»

መልሱ ስለረዘመብኝ ለሁላችሁም እዚሁ ልጻፈው። ዘንገና ይሻላል፤ ግን እንጅባራ የምታድሩ ከሆነ ብቻ ነው። ከመኪና ወርዳችሁ አሥር ደቂቃ ፎቶ ተነስታችሁ ልትሄዱ ከሆነ ይቅርባችሁ፣ በቀጥታ ባሕር ዳር ግቡ። (ዳንግሎች አትቆጡኝ፤ የራሱን ከተማ ትቶ እንጅባራን ያሞግሳል እንዳትሉ፣ እኛ ሐይቅ የለንም።)

ባሕር ዳርን ማማቴ አይደለም። የጣና ዓሣ፣ የደሴት ገዳማቱ፣ ምሽት ላይ በዘንባባው ሥር መንሸራሸር፣ ይሄን ማን ይጠላል? ግን ጀልባ ለሦስት ሰው ሲከራዩት ይከብዳል፤ ሌላ ሰው እስኪሞላ ስትጠብቁ ደግሞ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ጢስ ዓባይም በመስከረም ሌላ፣ በጥር ሌላ ነው፤ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ በበጋ ደርሶ «ይሄው ነው እንዴ?» ያለ ብዙ ሰው አውቃለሁ።

የጂኦግራፊ መምህር ነኝና አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ጣና ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ዘንገና ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል፤ ከሻላ ቀጥሎም ይጠቀሳል። እሳተ ገሞራ የቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ስለሆነ ዳሩ እንደ ጣና እየተንሸራተተ አይጠልቅም፣ እንደ ገደል ነው የሚወርደው።

ይሄን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ስጽፈው ኖሬ ትርጉሙ የገባኝ አንድ ቀን ነው። ተማሪዎች ይዤ ለጉብኝት ሄድን። ጣና ዳር ያደገ፣ ዋና የሚችል ልጅ ነበር። እኔ ከሌሎቹ ጋር ስለ ድንጋዩ ሳወራ ልብሱን አውልቆ ገባ። ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ሦስተኛው እግሩ የሚያርፍበት አጣ። ዋና አልጠፋውም፤ ብርዱና ድንጋጤው ነው የያዘው። ጓደኞቹ ጋቢ ወርውረው ጎትተው አወጡት። ልጁ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ይሄን ካነበበ ይስቅ ይሆናል። እኔ ግን እስካሁን አልሳቅኩም። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ ቁጥሩን የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ዘንገና የሚታይ ውኃ ነው፣ የሚዋኝበት አይደለም። ዋና ካማራችሁ ጥያቄያችሁ ሌላ ነው፤ መልሴም ይቀየራል።

ታዲያ ሳይዋኙ ምን ይሠራል? ዙሪያውን በእግር ሂዱበት። ከእንጅባራ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር ስለሆነ ባጃጅም ሚኒባስም አይጠፋም፤ የቻለ በእግሩ ይሄዳል። በጠዋት ጉም ከውኃው ላይ ሲነሳ፣ በደኑ ውስጥ ጦጣው ሲንጫጫ ማየት ነው ቁም ነገሩ፤ እሱን ደግሞ እዚያው አካባቢ ያደረ ሰው እንጂ አላፊ አግዳሚ አያገኘውም። ከአዲስ አበባ በእንጅባራ በኩል ባሕር ዳር የሚሄደው አውቶብስ ሁሉ በአጠገቡ ያልፋል፤ ሰው በመስኮት አይቶት «ያምራል» ይልና ምሳውን ሌላ ከተማ ይበላል። እናንተ እንጅባራ ስታድሩ ግን የአልጋው፣ የእራቱ፣ የጠዋቱ ሻይ ብር እዚያው ይቀራል። ከመንገድ ዳር የቀርቀሃ ወንበር የሚሸጠው ልጅ በፎቶ አይኖርም።

በሁለተኛው ቀን ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ እስከ አዲስ ቅዳም ብቅ በሉ። ግራና ቀኝ የምታዩት ደን ዲከረንስ ነው። ገበሬው በማሳው ተክሎት፣ ቆርጦ ከሰል አክስሎ፣ መልሶ እህል ይዘራበታል። አዲስ አበባ ቡና ስታፈሉ ያነደዳችሁት ከሰል ከዚህ የሄደ ሊሆን ይችላል።

ቀን መምረጥ ከቻላችሁ ለጥር 23 ኑ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ነው፤ ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ያን ያህል ፈረስ በአንድ ሜዳ ካያችሁ በኋላ ስለ ሐይቁም ትረሱ ይሆናል። አልጋ ግን ቀድማችሁ ያዙ፤ በዚያን ቀን ማደሪያ ጭንቅ ነው።

ከሁሉ በፊት መንገዱን ጠይቁ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ክፍት የሆነው ነገ ሊዘጋ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ምሽት መናኸሪያ ሄዳችሁ ሾፌሮቹን አናግሩ። «ይቅርባችሁ» ካሏችሁ ቅሩ፤ ዘንገና የትም አይሄድም።

ጋቢ ያዙ። የጥር ሌሊት በእንጅባራ ቀልድ አያውቅም። ስትደርሱ ደውሉልኝ፣ ከዳንግላ መጥቼ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እጋብዛችኋለሁ።