ለማሳጅ ዘይት ወይስ ክሬም? ቆዳዎ ይምረጥልዎ

የማሳጅ ቅባት ስንገዛ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ክዳኑን ከፍቶ ማሽተት ነው። መዓዛው ደስ ካለን እንገዛዋለን። ይሁን እንጂ የማሳጅ ቅባት ከአንገት እስከ እግር የሚያዳርስና ቆዳ ላይ ለረጅም ሰዓት የሚቆይ ስለሆነ ምርጫውን ከአፍንጫ ይልቅ ለቆዳ መተው ይሻላል።

ዘይት ቶሎ ስለማይመጠጥ እጅን ያንሸራትታል፤ ለስለስ ላለ ማሳጅ ይመቻል። ክሬም ግን ውሃና ቅባት የተዋሃዱበት በመሆኑ ቶሎ ይመጠጣል፤ የተወጣጠረ ጡንቻን ጫን ብሎ ለማሸት ተመራጭ ነው። አንሶላም እንደ ዘይት አያበላሽም።

ደረቅ ቆዳ፦ ዘይት በውስጡ ውሃ የለውም፤ ሥራው ቆዳ ላይ ያለው እርጥበት እንዳያመልጥ መያዝ ነው። ስለዚህ ገላዎን ታጥበው ቆዳዎ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ይቀቡት። ወፈር ያለ ክሬም ወይም ሺያ ቅቤም ይስማማዎታል።

ወዛም ቆዳ፦ በተለይ ጀርባዎና ደረትዎ ላይ ብጉር የሚወጣብዎት ከሆነ የኮኮናት ዘይት ይቅርብዎት፤ የቆዳን ቀዳዳዎች ሊደፍን ይችላል። ቀለል ያለ ክሬም ወይም የጆጆባ ዘይት ይምረጡ፤ ማሳጁ ሲያበቃም ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ።

ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ፦ ሽቶ የሌለበትን ይግዙ። «ተፈጥሯዊ ነው» መባሉ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ለምሳሌ የወይራ ዘይት ችፌ ላለበት ቆዳ አይመከርም፤ የሱፍ ዘይት ይሻላል። የኦቾሎኒ ወይም የሌላ ለውዝ አለርጂ ካለብዎት ደግሞ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይቀቡ።

እንደ ላቬንደር ያሉ የመዓዛ ዘይቶችን ሳይበርዙ መጠቀም ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል። ለ2 የሾርባ ማንኪያ ተራ ዘይት 6 ጠብታ ይበቃል።

አዲስ ቅባት ሲገዙ በቅድሚያ ጥቂቱን በክንድዎ የውስጥ ክፍል ቀብተው 24 ሰዓት ይጠብቁ። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት ጎልቶ ላይታይ ስለሚችል ማሳከክ፣ ማቃጠል ወይም ማበጥ መኖሩን ልብ ይበሉ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቅባቱን ይተዉት። ቁስል ወይም ሽፍታ ያለበትን ቦታም አያሹ።

ማሳጅ ቤት ሲሄዱም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚቀቡዎት ይጠይቁ፤ ካልተስማማዎት የራስዎን ይዘው ይሂዱ። አይፈሩ፤ ቆዳው የእርስዎ ነው።