ከኮቪድ-19 በኋላ የሚቀር የልብና የአእምሮ ጫና
የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ-19 ላይ ያወጀውን አስቸኳይ ሁኔታ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ቢያነሳም፣ ካገገሙት ሁሉም ወደ ቀድሞ ጤንነታቸው አልተመለሱም። ከ150 ሺህ በላይ በበሽታው የተያዙ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችን የተከታተለ ጥናት፣ ሆስፒታል ባልተኙት ላይ ሳይቀር የልብ ሕመም ስጋት እስከ አንድ ዓመት ከፍ ብሎ መቆየቱን አሳይቷል።

አስቸጋሪው የምልክቶቹ መመሳሰል ነው። የልብ ምት መፍጠንና የትንፋሽ ማጠር ከጭንቀትም ከልብ ሕመምም ሊመነጩ ይችላሉ። ስለሆነም ሳይመረመሩ «ጭንቀት ነው» ብሎ ማለፍ፣ ቤተሰብም አልፎ አልፎም ባለሙያ የሚፈጽመው ስሕተት፣ ተገቢ አይደለም። ተገልጋዮች በአቅራቢያቸው ባለ ጤና ጣቢያ የደም ግፊታቸውን እንዲለኩና በኮቪድ ተይዘው እንደነበር እንዲያስረዱ ይመከራል፤ የእንቅልፍ ማጣትንና ተስፋ መቁረጥንም አብረው ይንገሩ። የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ያጋጠመው ሰው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።