ከመጠምዘዝ መመርመር ይቅደም

አንባቢ ሆይ! ትናንት ማታ በደኅና ያቆሙት ብስክሌት ዛሬ ጧት የፊቱ ማርሽ አልገባ ቢልዎ አስቀድመው ምን ያደርጋሉ? የእኔ ቢጤ የሆኑ እንደ ሆነ ካቻቢቴ ፍለጋ ይሮጣሉ። የዚህ ሳምንት ጨዋታችን ካቻቢቴው ለምን ከሁሉ በኋላ መምጣት እንደሚገባው ነው።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። እኔ በመተማ ቆላ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ አንዱ ከኮኪት እስከ ገንዳ ውኃ ባለ ቀጭን ጎማ የእሽቅድምድም ብስክሌት እየነዳ ይመጣል። ብስክሌቱ ከሰው እጅ የተገዛ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ በሰሊጥ አጨዳ ካገኘው ገንዘብ ቈጥቦ ከጎንደር ያመጣለት ነው። በጥቅምት ወር አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ «መምህር፣ ሰንሰለቱ ወደ ትልቁ ጥርስ አልወጣ አለኝ» ብሎ አሳየኝ። እኔም አላውቅም ማለት ዐፍሬ፣ አንዳች ሳልመረምር ካቻቢቴ አስመጣሁና በፊቱ ካምቢዮ ላይ ካሉት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አንዱን ሁለት ዙር ያህል አላላሁት። ማንሻውን በኀይል ስንገፋው ሰንሰለቱ ወጣ። ልጁ አመሰገነኝ፤ እኔም ኮራሁ።

በማግሥቱ የፈተና ቀን ነበረ። ልጁ በመንገድ ላይ ማንሻውን እንደዚያው በኀይል ቢገፋው ሰንሰለቱ ትልቁን ጥርስ ዐልፎ ወደ ውጭ ወደቀ። ፔዳሉ ባዶውን ዞረ፤ እግሩ ሸተት አለና ከነብስክሌቱ አስፋልቱ ላይ ተዘረጋ። ጉልበቱና ክርኑ ተልጦ፣ ብስክሌቱን እየገፋ የደረሰው የፈተናው ወረቀት ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ፈተናውን በሌላ ቀን ሰጠሁት፤ የጉልበቱን ጠባሳ ግን ላነሣለት አልችልም።

ከሰዓት በኋላ ብስክሌቱን ገልብጠን ስናየው የበሽታው ምንጭ ወለል ብሎ ታየን። የካምቢዮው ሽቦ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ዘንግ ሥር በትንሽ የፕላስቲክ ቦይ ውስጥ ያልፋል። ያ ቦይ በክረምቱ የዋልካ ጭቃ ተሞልቶ፣ ጭቃውም እንደ ሸክላ ደርቆ ሽቦውን አንቆ ይዞት ነበር። በውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ብናጥበው ሽቦው እንደ ልቡ ተንቀሳቀሰ። ብሎኑን ወደ ነበረበት መለስሁት፤ ማርሹም ገባ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለ ሰበቃ ዓመት ሙሉ የማስተምር ሰው ሰበቃን በዐይኔ ፊት ሳላየው ቀረሁ ማለት ነው።

ይህ ነገር በእኛ አገር በብዛት የሚደርስበት ምክንያት አለው። የመተማ ወረዳ መሬት ከባሕር ወለል በላይ ከ550 እስከ 1,608 ሜትር ከፍታ ያለው ቆላ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሙቀቱ እስከ 43 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ጥቁሩ አፈር በክረምት እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ በበጋ ደግሞ አቧራ ሆኖ ዘይት ወዳለበት ሁሉ ይገባል። ከዚህ ቆላ ተነሥቶ በነጋዴ ባሕርና በአይከል በኩል ወደ ጎንደር የሚወጣ ሰው መዳረሻው ከ2,000 ሜትር በላይ ነውና ያለ ትንሹ ጥርስ አይዘልቀውም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የሚደረገው የብስክሌት ጉዞም በተለያዩ ዓመታት ከጋላባት ወደ መተማ ተሻግሮ በዚሁ ዐቀበት ወደ ጎንደር ወጥቷል።

የትንሹ ጥርስ ጥቅም በቊጥር ይታያል። ትልቁ የፊት ጥርስ 50፣ ትንሹ 34 ቢሆን፣ ሰንሰለቱም በኋላ ባለ 28 ጥርሱ ላይ ቢሆን፣ ብስክሌቱ በአንድ የፔዳል ዙር በትልቁ 3.75 ሜትር፣ በትንሹ 2.55 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አንዱን ዐቀበት በአጭር እርምጃ እንደ መውጣት ያለ ነው። የጥንት ተወዳዳሪዎች ይህን ዕድል አላገኙም፤ በፈረንሳይ ዙር ውድድር ካምቢዮ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ሲሆን ከዚያ በፊት ጋላቢው ወርዶ፣ የኋላውን ጎማ ፈትቶ እየገለበጠ ጥርስ ይለውጥ ነበር። የአገራችን ሰው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በዚሁ ውድድር ለመሰለፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ማርሽ የሚለወጠው በጣት ነበረ።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። ሰንሰለቱ (ካቴና የሚሉትም አሉ) በፊቱ ካምቢዮ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች መካከል ያልፋል። ሽቦው ሲሳብ ብረቶቹ ሰንሰለቱን ወደ ውጭ፣ ወደ ትልቁ ጥርስ ይገፉታል። ሽቦው ሲለቀቅ ሞላው ብረቶቹን ወደ ውስጥ፣ ወደ ትንሹ ጥርስ ይመልሳቸዋል። ሁለቱ ብሎኖችስ? እነርሱ አይጎትቱም፣ አይገፉምም። እንደ በረት አጥር «ከዚህ አትለፍ» የሚሉ ወሰኖች ናቸው። አጥር በአንድ ሌሊት ከቦታው አይነሣም። ስለዚህ ትናንት ይሠራ የነበረ ማርሽ ዛሬ እንቢ ካለ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ሽቦው ነው። አጥሩን የሚያፈርስ ሰው አንዱን ችግር ሁለት ያደርገዋል።

እንግዲህ ምርመራው በዚህ ተራ ይሁን።

አንደኛ፣ ይጠቡ። ካምቢዮውን፣ ጥርሶቹንና በተለይ ከዘንጉ ሥር ያለውን የሽቦ ቦይ በብሩሽና በሳሙና ውኃ ያጽዱ። ከደረቀ በኋላ ሰንሰለቱንና የካምቢዮውን መታጠፊያዎች ጥቂት ዘይት ያቅምሱና የተረፈውን በጨርቅ አጥብቀው ይጥረጉ። በውጭ የቀረ ዘይት ለአቧራ ግብዣ ነው።

ሁለተኛ፣ ሽቦውን ይፈትኑ። ማርሹን በትንሹ ጥርስ ላይ ያድርጉና በቱቦው ሥር የሚታየውን ሽቦ በጣትዎ ሳብ አድርገው ይልቀቁት። ካምቢዮው ሳይንገራገጭ ሄዶ መመለስ አለበት። ዝጎ ከሆነ ወይም ከማንሻው አጠገብ ክሩ መበጣጠስ ከጀመረ ሽቦው ይለወጥ፤ ነገ በመንገድ ላይ ከሚበጠስ ዛሬ በቤት ቢለወጥ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ አቀማመጡን ይዩ። ብስክሌቱ ወድቆ ከነበረ ካምቢዮው ሊጣመም ይችላል። የውጭው ብረት ከትልቁ ጥርስ ጫፍ በላይ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከላይ ሲታይም ከጥርሱ ጋር ትይዩ ሆኖ መቆም ይገባዋል።

አራተኛ፣ የሽቦውን ውጥረት ያስተካክሉ። ሰንሰለቱ ወደ ትልቁ ጥርስ አልወጣ ካለ ሽቦው ላልቷል፤ በእጅ የሚዞረውን ማጥበቂያ ወደ ግራ ግማሽ ዙር እያዞሩ ይሞክሩ። ወደ ትንሹ አልወርድ ካለ ሽቦው ከመጠን በላይ ተወጥሯል፤ በተቃራኒው ያዙሩ። ማጥበቂያ የሌለው ብስክሌት ከሆነ ማርሹ በትንሹ ጥርስ ላይ እንዳለ ሽቦውን የያዘውን ብሎን ፈተው፣ ሽቦውን በፒንሳ ወጠር አድርገው መልሰው ይሰሩት።

አምስተኛ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰንሰለቱ አሁንም ከጥርስ ውጭ የሚወድቅ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ካቻቢቴው ይምጣ። በአብዛኞቹ ካምቢዮዎች ላይ «ኤል» የሚል ፊደል ያለበት ብሎን የውስጡን ወሰን፣ «ኤች» ያለበት የውጭውን ወሰን ይጠብቃል። ሰንሰለቱ ወደ ቱቦው የሚወድቅ ከሆነ የፊተኛው፣ ወደ ፔዳሉ የሚወድቅ ከሆነ የኋለኛው ይጥበቅ። ከመንካትዎ በፊት ብሎኑ የነበረበትን በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት፤ ከሩብ ዙር በላይ በአንድ ጊዜ አያዙሩ። ከየሩብ ዙሩም በኋላ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥተው ፔዳሉን በእጅ እያዞሩ ይሞክሩ እንጂ በመንገድ ላይ አይሞክሩ። የእኔ ጥፋት ይኸው ነበር።

ጥፋት ያልሆነውንም መለየት ይገባል። በፊት ትልቁን፣ በኋላም ትልቁን ጥርስ ይዘው ቢነዱ፣ ወይም በሁለቱም ወገን ትንሹን ቢይዙ ሰንሰለቱ በሰያፍ ስለሚሄድ ከብረቱ ጋር መፋተጉ አያስደንቅም። ማርሹን በመለወጥ የሚድን ድምፅ ካቻቢቴ አያሻውም። ያረጀ ሰንሰለትም እንዲሁ ያታልላል። 24 መገጣጠሚያ ሲለካ አዲሱ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ 306.3 የደረሰ እንደ ሆነ ጥርሶቹን ሳይበላ ይለወጥ።

አነዳድም አንዱ መድኃኒት ነው። ማርሹን ዐቀበቱ ሥር ሳይደርሱ፣ እግርዎን ከፔዳሉ ቀለል አድርገው ይለውጡ። በዐቀበቱ መካከል ሙሉ ክብደትዎን ጭነው ቢለውጡ ሰንሰለቱ ያኰርፋል። ቢወድቅም በግድ አይርገጡ፤ ከመንገዱ ዳር ወርደው፣ የኋላውን ካምቢዮ ወደ ፊት ገፋ አድርገው ሰንሰለቱን አላሉና በእጅዎ መልሰው ያስገቡት።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለካህናት ብቻ አይመስለኝም። ተማሪዬ ዛሬም ከኮኪት ይመላለሳል። ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ከደወሉ አስቀድሞ ይደርሳል። ከኮርቻው ሥር በጎማ ቁራጭ አስሮ የሚይዘው አንዲት አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ብቻ ናት። ካቻቢቴውን ለእኔ ትቶልኛል፤ እኔም ከመሳቢያዬ ሳወጣው አስቀድሜ ጎንበስ ብዬ ከዘንጉ ሥር አያለሁ።

እስከሚመጣው ሳምንት ደኅና ሰንብቱ።