የሞተር ፍርድ በልኬት ይሁን

በየጋራዡ ሞተር ወርዶ በተበተነ ጊዜ ስለ ፒስተኑና ስለ ሲሊንደሩ የሚሰጠው ብያኔ፣ ይኸውም ይህ ተመልሶ ይግባ፣ ያ ይጣል የሚለው ቃል፣ ብዙውን ጊዜ ከዐይንና ከልማድ እንጂ ከመለኪያ የማይወጣ መሆኑ፣ የባለንብረቱን ገንዘብ በከንቱ ከሚያስቀሩት ነገሮች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዐይን በዚህ ጉዳይ እሙን ምስክር አይደለም። ግድግዳው እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ሲሊንደር ለባለቤቱ ደኅና መስሎ ይታየዋል፤ ነገር ግን ዘይት ይዘው እንዲያቆዩ ተብለው በመስቀለኛ የተሞረዱት ጥቃቅን መስመሮች ታሽተው ጠፍተዋልና፣ ያ ውበቱ የድካሙ ምልክት ነው። በአንጻሩ አናቱ በጥላሸት የጠቆረ ፒስተን፣ በጥንቃቄ ጸድቶ ሲመረመር፣ ስንጥቅ ሳይገኝበት፣ ጎኑ ሳይጫር፣ ፒስተኑን የሚከቡት ቀለበቶች፣ ማለትም የፋሻዎቹ፣ ማረፊያ ቦይም ሳይሰፋ ቀርቶ፣ ለተጨማሪ አገልግሎት ብቁ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሲሊንደር ከላይ እስከ ታች እኩል አይበላም። አብልጦ የሚጎዳው የላይኛው ፋሻ ደርሶ በሚመለስበት በአናቱ አካባቢ ነው፤ በዚያ ሙቀቱ ይበረታል፣ ዘይቱ ይሳሳል፣ የሚቃጠለውም ነዳጅ ግፊት ፋሻውን ወደ ግድግዳው ይጫነዋል። ከዚያ በላይ ያለው፣ ፋሻ የማይደርስበት ስፍራ ሳይነካ ስለሚቀር፣ ጥፍር የሚይዝ እርከን ይፈጠራል፤ ይህን እርከን ሳያነሣ አዲስ ፋሻ የሚያስገባ መካኒክ፣ ፋሻው ከእርከኑ ጋር እየተላተመ እንዲሰበር ያጋልጠዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሲሊንደር ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በየስፍራውም በሞተሩ ርዝመትና በአግድሙ፣ በጠቅላላው 6 ጊዜ ሊለካ ይገባል፤ ፒስተኑም ከቢዬላው ጋር ከሚያያይዘው ፒን በመስቀለኛ ባለው ጎኑ በማይክሮሜትር ተለክቶ፣ በሁለቱ መካከል የሚገኘው ክፍተት አምራቹ በመጽሐፉ ከወሰነው ጋር ይነጻጸራል። የቶዮታ 3ኤል ዲዝል የሲሊንደር ስፋት 96 ሚሊሜትር ነው፤ ሆኖም የመዳኑና የመጣሉ ፍርድ የሚያርፈው ዐይን ከቶ በማይለየው በሚሊሜትር መቶኛ ክፍሎች ላይ ነው።

ሁሉንም በአዲስ መለወጥ ከዚህ ሁሉ ድካም ያድናል የሚሉ አሉ። ይህ አሳብ ቅንነት ባይጎድለውም ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ከክብነቱ የወጣውን ሲሊንደር አዲስ ፒስተን አያቀናውም፤ ልኩን ያለፈ ሲሊንደር በማሽን ሰፍቶ፣ እንደ ሞተሩ ዐይነት 0.25 ወይም 0.50 ሚሊሜትር የሚበልጥ ፒስተን ካልገባለት በቀር፣ ዘይት መብላቱንና ሰማያዊ ጭስ ማውጣቱን አይተውም። ልኩን ጠብቆ የተገኘውን ፒስተን መጣልም ቢሆን፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገባን ዕቃ ያለ በደሉ መኰነን ነው።

ሞተራችሁን የምታሠሩ ወገኖች ሆይ፣ ዕቃ ግዙ በተባላችሁ ጊዜ፣ ለ4 ሲሊንደር ሞተር 24ቱ የሲሊንደር ልኬቶች፣ ከጎናቸውም የፒስተኖቹ መጠንና የአምራቹ ወሰን የተጻፈበትን ወረቀት አስቀድማችሁ ጠይቁ።